ለእንጀራ መጋገሪያችን የናፍጣ ጄኔሬተር ብንተክል የአየር ብክለት ፈቃድ ያስፈልገናል?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ እንጀራ እየጋገርን ለመደብሮችና ለምግብ ቤቶች እናከፋፍላለን። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊጡም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም ዕቃ እየተበላሸብን ተቸግረናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራ፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ያገለገለ የናፍጣ ጄኔሬተር በርካሽ አግኝተናል። የሚተክልልን ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም ይለናል። አንድ ድርጅት ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት በሚሆንባቸው ቀናት ጄኔሬተሩን አስነስተን ከመብራት መስመሩ የምንወስደውን ብንቀንስ እንደሚከፍለን ገልጾ ውል ልኮልናል። ወንድሜም ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ምግብ ቤቱ ተመሳሳይ ጄኔሬተር ሊገዛ አስቧል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ምላሽ፦

የሚተክልልዎ ሰው የነገርዎት ግማሹ ልክ ነው። ያልነገርዎት ግማሽ ያለው ድርጅቱ በላከልዎት ውል ውስጥ ነው።

በሜሪላንድ ደንብ ከ500 የፈረስ ጉልበት በታች የሆነ ቋሚ ሞተር ከአየር ጥራት የግንባታ ፈቃድ ነፃ ነው። የእርስዎ 200 ስለሆነ በመጠኑ ያልፋል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ወዲያውኑ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያስከትላል፦ ሞተሩ ለሽያጭ የሚውል ኤሌክትሪክ ማመንጨት የለበትም፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ጣራ በሚነካበት ሰዓት ከመስመሩ የሚወሰደውን ኃይል ለመቀነስም መዋል የለበትም። የቀረበልዎት ውል የሚጠይቀው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ውሉን ከፈረሙ ነፃነቱ ይቀራል፤ ካልፈረሙ ያለ አየር ፈቃድ መትከል ይችላሉ። አሮጌውን ሞተር በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ባይከለክልዎትም እኔ እንዲገዙት አልመክርም። ሁለቱንም በየተራ ላስረዳ።

አንድ ሞተር በዓመት ምን ያህል ሊበክል ይችላል ተብሎ ሲሰላ መነሻው ዓመቱን ሙሉ፣ 8,760 ሰዓት፣ ሳያቋርጥ ይሠራል የሚል ነው። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው የለም፤ ነገር ግን የሚያግደው ነገር እስከሌለ ድረስ ሕጉ የሚይዘው ሊሆን የሚችለውን እንጂ የሚሆነውን አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢ.ፒ.ኤ.) ምንም የጭስ መቆጣጠሪያ ለሌለው የዚህ መጠን ናፍጣ ሞተር የሚሰጠው መገመቻ፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.031 ፓውንድ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። በ200 ሲባዛ 6.2 ፓውንድ፣ ወደ 2.8 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ያውም በየሰዓቱ። ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 27 የአሜሪካ ቶን ይደርሳል። በዋሽንግተንና በባልቲሞር ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድ አውራጃዎች ደግሞ አንድ ድርጅት ከዋና በካዮች ተርታ የሚመደበው በዓመት 25 ቶን ናይትሮጅን ኦክሳይድ የማውጣት አቅም ካለው ነው። አንድ እንጀራ መጋገሪያ በአንድ ሞተር ሰበብ ከኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ጋር በአንድ መዝገብ ሊሰፍር ነው ማለት ነው።

ከዚህ ጣጣ የሚያወጣዎት ኢ.ፒ.ኤ. እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ያወጣው መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ የተቀመጠ ጄኔሬተር በዓመት 500 ሰዓት እንደሚሠራ ተቆጥሮ ይሰላል። በዚህ ስሌት የእርስዎ ሞተር 1.5 ቶን ገደማ ያወጣል። ማሽኑ ያው፣ ናፍጣው ያው፤ 27ን ከ1.5 የሚለየው ሞተሩ የሚነሳበት ምክንያት ነው። ስለዚህ ከማሽኑ መጠን ይልቅ አጠቃቀሙን አጥብቀው ይጠብቁ።

የድንገተኛ ጊዜ ጄኔሬተር የፌዴራል ደንቡ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ የፈለጉትን ያህል ሰዓት ያስነሱ፤ ጣሪያ የለውም። ለጥገናና ለሙከራ በዓመት እስከ 100 ሰዓት ይፈቀዳል። ከእነዚሁ 100 ሰዓታት ውስጥ 50ው ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ ሊውል ይችላል፤ ነገር ግን የፍጆታ ጣራ ለመቀነስም ሆነ ኃይል ለመስመሩ አቅርቦ ገቢ ለማግኘት አይሆንም። ጠባብ የሆነ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ውል ግን በዚያ በር አይገባም።

ውል አቅራቢው ድርጅት «ኢ.ፒ.ኤ. ራሱ 100 ሰዓት ፈቅዷል» ብሎ ሊከራከርዎ ይችላል። ይህ አንድ ወቅት እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ኤጀንሲው ደንቡን አሻሽሎ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲጨናነቅ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች በክፍያ እንዲነሱና ይህም በ100 ሰዓቱ ውስጥ እንዲታቀፍ ፈቅዶ ነበር። የዴላዌር ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሰሰ። የዋሽንግተን ዲሲ ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2015 ፈቃዱ በቂ ምክንያት ሳይቀርብለት የተሰጠ ነው ብሎ ሻረው። ውሳኔው በሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2016 ነው። ኤጀንሲው የተሻረውን አንቀጽ ከደንቡ ጽሑፍ አውጥቶ የጣለው ደግሞ በነሐሴ 2022 ነበር። በመካከሉ ባለፉት ስድስት ዓመታት የሞተ አንቀጽ በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እስከ ዛሬም በሽያጭ ወረቀቶች ላይ አልፎ አልፎ አየዋለሁ።

ክርክሩ የወረቀት ብቻ እንዳይመስልዎ። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከቤንዚን ትነትና ከመሰል ጋዞች ጋር ተደባልቆ የሐምሌ ፀሐይ ሲያገኘው ምድር ላይ ኦዞን ይሠራል። አስም ያለበት ልጅ ያለው ሰው ይህን ጋዝ በስሙ ባያውቀው እንኳ በልጁ ትንፋሽ ያውቀዋል። የዋሽንግተን አካባቢ ከኦዞን ጋር ለአሥርተ ዓመታት ሲታገል የኖረ ነው። እንግዲህ ድርጅቱ ጄኔሬተርዎን እንዲያስነሱ የሚደውልልዎ መቼ ነው? ሁሉም ሰው አየር ማቀዝቀዣውን በከፈተበት፣ ነፋስ በሌለበት፣ እጅግ በሚያቃጥል ቀን ነው። ኦዞን የሚበረታውም በዚያው ቀን ነው። ትላልቆቹ ጣቢያዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ጭሳቸውን ሲያጣሩ፣ በየሱቁ ጓሮ ያለ ማጣሪያ የሌለው ናፍጣ ሞተር በዚያ ቀን በክፍያ ይነሳ ማለት የማይዋጥ ነገር ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከዴላዌር ጋር ነኝ።

ገንዘቡ ካማለለዎት ሕጋዊ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። የመጨረሻውን የልቀት ደረጃ፣ ቲየር 4ን የሚያሟላ ሞተር ገዝተው፣ ለሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመልክተው፣ ድንገተኛ ላልሆነ አገልግሎት ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። እንዲህ ያለው ሞተር ናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚያከሽፍበት የዩሪያ ፈሳሽ የሚጨመርበት ሥርዓት ተገጥሞለት ይመጣል፤ ዋጋውም ጥገናውም ከፍ ያለ ነው። ለዚህ መጠን ጄኔሬተር የውሉ ክፍያ ያንን ሲመልስ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

አሁን ወደ 2001ው ሞተር እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ትንሽ ያስገርማል። አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮችን የሚመለከተው የፌዴራል የልቀት ደንብ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 የወጣ ሲሆን፣ የሚይዘው ከሚያዝያ 2006 በኋላ የተሠሩትን ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሞተር «ነባር» ይባላል። ባለቤት መቀየሩ ወይም ከቦታ ቦታ መዛወሩ ብቻውን አዲስ አያደርገውም። ስለዚህ አሮጌው ሞተር የልቀት ደረጃ እንዲያሟላ አይጠየቅም፤ አዲሱ ግን ይጠየቃል። በሱቅና በቢሮ ያለ ነባር የድንገተኛ ጊዜ ሞተር እንዲያውም ከሌላው የፌዴራል የሞተር ደንብም ነፃ ነው። እርስዎ ግን ለመደብሮች የሚያከፋፍሉ ጋጋሪ ስለሆኑ እንደ ፋብሪካ እቆጠራለሁ ብለው ቢነሱ ይሻላል። ያ ከሆነ ግዴታዎ ይህ ነው፦ ዘይትና የዘይት ማጣሪያ በየ500 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያውን በየ1,000 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ማየት፣ ቺንጋውንና ቱቦዎቹን በየ500 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ መፈተሽ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰውን ይወስዳሉ። ለመጠባበቂያ ጄኔሬተር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፍ መመዝገብም አለብዎት።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ከላላ ለምን አልገዛም ይሉኛል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። አሮጌው በሙሉ ጭነት በሰዓት 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጣል ብለናል። ዛሬ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሸጠው ተመሳሳይ መጠን ያለው ቲየር 3 ሞተር የሚፈቀድለት ናይትሮጅን ኦክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ተደምሮ በኪሎዋት ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ይህም በሰዓት 600 ግራም ያህል ይሆናል። ቲየር 4 ከሆነ 60 ግራም። ጥላሸቱም እንደዚሁ ነው፤ የቲየር 3 ጣሪያ 0.20 ግራም፣ የቲየር 4 ደግሞ 0.02 ግራም በኪሎዋት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ለሰው ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። የእርስዎ ሞተር የሚቀመጠው ሠራተኞችዎ ቀኑን ሙሉ ከሚገቡበትና ከሚወጡበት፣ ምናልባትም የመጋገሪያው አየር መሳቢያ ካለበት ጓሮ ነው። ጎረቤት አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ አይቶ ስልክ ቢደውል የሚመጣው ተቆጣጣሪ የሞተሩን ዕድሜ አይጠይቅዎትም፤ ጭሱን ነው የሚያየው። የሜሪላንድ ደንብ ጭሱ ከኋላው ያለውን ነገር የሚጋርድበትን መጠን ይለካል፦ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከ10 በመቶ፣ ጭነት ይዞ ሲሠራ ደግሞ ከ40 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለመጀመሪያዎቹ የማስነሻ ደቂቃዎች ይቅርታ አለ፤ የነዳጅ መርጫ አፍንጫው ላላለቀ ሞተር ያ ይበቃል፣ ለደከመ ሞተር አይበቃም።

ለመግዛት ሲሄዱ ሁለት ሰሌዳ እንዳለ ይወቁ። አንደኛው በዲናሞው ላይ ያለው ሲሆን ኪሎዋትና ቮልት ይጽፋል፤ ሻጮች ፎቶ አንስተው የሚልኩት እሱን ነው። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። እሱ ሞተሩ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክዳኑ ላይ ወይም ከጎኑ፣ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ ይገኛል። በጨርቅ ጠርገው ያንብቡት፦ የአምራቹ ስም፣ የሞዴል ዓመት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የሞተር ቤተሰብ የሚባለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ፣ የልቀት ደረጃውም ይጻፍበታል። ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ ተረጋግጦ የተሸጠ ከሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ይኖረዋል። ያ ጽሑፍ ያለበትን ሞተር ለክፍያ ውል ማስነሳት ግልጽ ጥሰት ነው። ሰሌዳው ተፍቆ ወይም ተነቅሎ ካገኙት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ይተዉት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ናፍጣን ራሱን እንደገና አስብበት ነበር። ምጣዶችዎ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ከሆነ መስመሩ ሕንፃው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የወጣው የጋዝ ሞተሮች ደንብ ከ130 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለ የድንገተኛ ጊዜ ሞተር የሚፈቅደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 2 ግራም ነው፤ ለ200 የፈረስ ጉልበት 400 ግራም መሆኑ ነው። ጥላሸት የለውም ቢባል ይቀላል። የሚያረጅ ነዳጅ፣ የሚያፈስ ታንክ፣ በአውሎ ነፋስ ማግስት የሚጠበቅ የናፍጣ ቦቴ የለም። ጉዳቱም አለው፦ ያንኑ ኪሎዋት ለማግኘት ተለቅ ያለ ሞተር ያስፈልጋል፤ የጋዝ ቆጣሪውና ቧንቧው ምጣዶቹንና ጄኔሬተሩን በአንድ ጊዜ መሸከሙን ከጋዝ ኩባንያው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ሲገዙ በፋብሪካ የተረጋገጠውን ይምረጡ፤ ያልተረጋገጠውን ከገዙ የጭስ ምርመራውን ወጪ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።

የትኛውንም ቢገዙ ወደ ዜሮ የማይመለስ የሰዓት ቆጣሪ ይኑረው። ከቆጣሪው አጠገብ አንድ ደብተር በሲባጎ ይንጠልጠል። የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «ማርች 4፣ ከ212.4 እስከ 212.9፣ ሳምንታዊ ሙከራ። ማርች 9፣ ከ212.9 እስከ 219.3፣ መብራት ጠፍቶ።» ሦስተኛዋ ዓምድ፣ ምክንያቷ፣ ከሁሉም ትበልጣለች። ምክንያት ያልተጻፈበት ሰዓት ተቆጣጣሪ ፊት ለእርስዎ አይመሰክርም። አገር ቤት የንግድ ሥራ የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እዚያም አለ፣ ነገር ግን የጄኔሬተር ሰዓት በደብተር የሚይዝ ነጋዴ ስንቱ ነው?

በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቢሞክሩት በዓመት 26 ሰዓት ነው፤ ከ100 እጅግ ያንሳል። ናፍጣ ከሆነ ግን ያለ ጭነት አያስነሱት። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲንፏቀቅ ያልተቃጠለው ነዳጅ ማርሚታው ውስጥ ይከማችና አንድ ቀን ጭነት ሲያገኝ በጭስ ያስከፍላል። ከወር አንድ ጊዜ ቢያንስ የአቅሙን ሲሶ ያህል ጭነት ሰጥተው ያሠሩት። የሙከራውን ሰዓትም ይምረጡ። ሜሪላንድ የአየሩ ጥራት ለጤና የማይመች መሆኑን በሚያሳዩት ቀለሞች፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ ይሆናል ተብሎ በተተነበየበት ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት) ለሙከራ ማስነሳትን ትከለክላለች። የጠዋት ጭስ ነው ከሰዓት በኋላ ኦዞን የሚሆነው። በተሞላለት ሰዓት በራሱ የሚነሳውን ጄኔሬተር ከሰዓት በኋላ እንዲነሳ አድርገው ያስተካክሉት፤ ከዚያ ትንበያ ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ናፍጣው ከሚሊዮን 15 እጅ ያልበለጠ ሰልፈር ያለው መሆኑን የሚገልጸውን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ ከቤት ማሞቂያ ታንክ ቀድቶ መጨመር አይሞከር።

ከአየር ፈቃድ ነፃ መሆን ከሁሉም ነፃ መሆን አይደለም። የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ከአውራጃው ይወጣል፤ የነዳጅ ታንክ ካለ የእሳት አደጋ ደንብ አለ። የሞንትጎመሪ አውራጃ የድምፅ ደንብ ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች ወሰን ላይ ቀን ከ65፣ ሌሊት ከ55 ዴሲቤል ማለፍን ይከለክላል። እስኪተከል ድረስ ተንቀሳቃሽ የቤንዚን ጄኔሬተር የሚጠቀሙ ከሆነ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ያርቁት፤ በሩ ክፍት ቢሆንም መጋዘን ውስጥ አያስነሱት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

የወንድምዎ ጉዳይ ይለያል። ዲሲ የሜሪላንድን የ500 የፈረስ ጉልበት ነፃነት አታውቅም። እዚያ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው የኢነርጂና አካባቢ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከ200 የፈረስ ጉልበት ብዙም ያልራቁ የድንገተኛ ጊዜ ጄኔሬተሮች እንኳ በየጊዜው የፈቃድ ረቂቃቸው ለሕዝብ አስተያየት ሲወጣ ይታያል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ከመትከል በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ወንድምዎ የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶና የአምራቹን የልቀት መግለጫ ከሻጩ ተቀብሎ አስቀድሞ ያመልክት። ቅድመ ክፍያ ከመክፈሉ በፊትም ፈቃዱ ካልተገኘ ገንዘቡ ተመላሽ እንደሚሆን የሚገልጽ አንቀጽ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ያስገባ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልግ።